ፊት ለፊት የተነበበ ደብዳቤ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ አግዳሚው ለሁላችንም ይበቃል። የቆማችሁም ተቀመጡ፤ ቆሞ የሰማ ግማሹን መንገድ ላይ ይጥለዋል።

ጊዜው ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው። አምቦ ላይ ሒሳብ የምታስተምር አስካለች የምትባል ልጅ ነበረች። ውጭ አገር ሄዳ በኮምፒዩተር ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ ልትይዝ ቆርጣለች። ኮምፒዩተር የሚሉትን ግን በመጽሐፍ እንጂ በዓይኗ አላየችውም። ዩኒቨርሲቲው ከጠየቃት ውስጥ የሒሳብ ውጤቷ ተልኳል፣ የቋንቋ ፈተናውንም አልፋለች። የቀረው ከሦስቱ ምስክሮች የመጨረሻው ደብዳቤ ነው፤ ያስተማራት ሰው ጽፎ፣ አሽጎ፣ እሽጉ ላይ ፈርሞ የሚሰጣት፣ እሷ ልታነበው የማይገባ። እስከ ነገ ፖስታ ቤት ካልገባ ዓመቱ አለፈ ማለት ነው።

ምስክሩ ኦቦ ቦጂያ ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው ጎጆ በምትባል ከተማ ድንች የሚያለሙ የድሮ የሒሳብ መምህሯ። ድንች ሊጭን በሚሄድ መኪና ተሳፍራ ደረሰች። ሾፌሩ፣ "ጆንያው ተጭኖ ካለቀ ሰው አልጠብቅም" ብሏታል።

በሩ ላይ እንደ ቆመች እጇን ዘረጋች።

"ታኢ፣ ተቀመጪ እንጂ" አሏት ኦቦ ቦጂያ።

"መኪናው ይሄድብኛል።"

"ድሮም ወንበር ያቃጥልሽ ነበር።" እሷ ወንበሩ ጫፍ ላይ ስትቀመጥ መነጽራቸውን አደረጉና የጻፉትን እንግሊዝኛ በአማርኛ እየፈቱ ያነቡላት ጀመር።

"ኦቦ ቦጂያ፣ እኔ እኮ ማወቅ የለብኝም። ምስጢር ነው ተብሏል።"

"ሰው በሌለበት ስለ ሰው ማውራት ሐሜት ነው ልጄ። በስተእርጅና አላማሽም። ደግሞ አታንብብ ነው ያሉት፤ የማነበው እኔ ነኝ።"

ጭንቅላቷ ብሩህ ነው ይላል ደብዳቤው። ትጉህ ናት ይላል። "ነገር ግን ትቸኩላለች። መልሱን ታገኘዋለች፤ በየት በኩል እንደ ደረሰች ግን አትጽፍም። መሐሉን ትዘላለች።"

ከውጭ መኪናው ጡሩምባውን ነፋ።

"ይቺን መስመር ቢተዉልኝ? በእሷ ይጥሉኛል።"

"ልትማሪው የምትሄጂው ያ ማሽን መሐሉን ብትዘይበት ገምቶ ይሞላዋል?"

"አይሞላም" አለች። "ያልነገሩትን አይሠራም።"

"እንግዲያ ሰዎቹ አስቀድመው ይወቁት።"

ሊያሽጉት ሲሉ ጡሩምባው ደገመ። አስካለች ተነሥታ እስከ በሩ ሄደች፤ ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች።

"ቆይ፣ አያሽጉት። ከታች 'አንብቤላታለሁ' ብለው ይጨምሩበት። እሱን ከዘለልኩማ ያው ነኝ።"

ኦቦ ቦጂያ ቀና ብለው አዩዋት። ጻፉ፣ አሸጉ፣ ፈረሙ። ስትወጣ መኪናው የለም።

ግማሹን መንገድ በእግሯ፣ ግማሹን በገብስ ጭነት ላይ ሆና፣ በማግስቱ ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ደረሰች።

ዩኒቨርሲቲው ተቀበላት። ከዚያ ማዶ ለኦቦ ቦጂያ የጻፈችው የመጀመሪያ ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ "ከአውሮፕላን ወረድኩ። ሻንጣዬን ፈለግሁ። አጣሁት። ጠየቅሁ። ሌላ በር አሳዩኝ። አገኘሁት።" አራት ገጽ ሙሉ እንዲሁ ነው። እሳቸውም አንብበው፣ "አሁንስ አበዛችው" አሉ።

እናንተም ልጆቼ፣ ስለ ሰው መስክሩ የተባላችሁ ለት ያን ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡት። ሌላው ቢጠፋባችሁ እንኳ ይቺን አስታውሱልኝ።