ስምንተኛው ቀጠሮ

«እዚህች ጋ ብቻ ነው የሚፈርሙት» አለ ዶክተሩ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ በጣቱ እያሳየ።

ልብስ ሰፊዋ ያየችው ወረቀቱን ሳይሆን ጣቱን ነበር። ወንድሟ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሰው ግድግዳውን ተከትሎ በተደረደረው ወንበር ላይ ሻዩን ይዞ ያንሾካሹካል፤ የስፌት መኪናዋ ጨርቅ ለብሳ ጥግ ላይ ቆማለች፤ ይሄ ደግሞ ለቅሶ ቤት መጥቶ ያስፈርማል። ከኋላው መጠይቅ የምትሞላለት ልጅ ፋይል ታቅፋ ቆማለች፤ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም።

«ምን ይላል?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ወንድምዎ ጥናቱን በገዛ ፈቃዳቸው ማቋረጣቸውን ነው። ለሥርዓቱ ያህል።»

«ማን ነው ያቋረጠው?»

«እንግዲህ... የመጨረሻው ቀጠሮ ላይ ስለማይገኙ ነው።»

አክስቷ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «አንቺ ልጅ፣ ፈርሚለትና ይሂድ። ሰው እያየን ነው።»

ያ ሰው ነው እንግዲህ አቋረጠ የሚባለው! ሰፈሩ ስሙን ትቶ «ቀጠሮ» ነበር የሚለው። ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ማክሰኞ ይደርሳል ካለ ማክሰኞ ይደርሳል፤ ካልደረሰም የደንበኛው ቤት ድረስ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቃል። ሚስቱ ጥላው ስትሄድ ግን እንቅልፍ እምቢ አለው። ሰው ሲያናግረው ግድግዳ ያያል። ድባቴ ነው ተባለ። አንድ አዲስ የምክር ሕክምና ያድን እንደሆነ የሚያጠኑ ሰዎች አሉ ተብሎ ሄዶ ተመዘገበ፤ ቁጥሩም አርባ ሰባት ሆነ። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ስምንት ጊዜ። ስምንት ሳጥን ያለው ካርድ ሰጡት፤ በሄደ ቁጥር አንዱ ላይ ይፈረምለታል።

ሰማያዊ ሸሚዙን የምትተኩስለት እሷ ነበረች። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደርሶ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። ሲመለስ ካርዱን አውጥቶ ያሳያታል፤ ፊርማው ላይ እፍ ይልበትና መልሶ ደረት ኪሱ ይከተዋል።

«የእስክሪብቶ ቀለም እኮ ነው፤ ደርቋል» ትለዋለች።

«ቢሆንም እትዬ። ፊርማ ነው።»

ሐሰት ምን ያደርጋል፣ ሕክምናው በጅቶታል። ከአራተኛው ቀጠሮ በኋላ እንቅልፍ ይወስደው ጀመር፤ ከአምስተኛው በኋላ እሷ የሰፋችውን ሰፊ ሱሪ አይቶ «ይሄ የየትኛው መሥሪያ ቤት መጋረጃ ነው?» ብሎ ሳቀባት። ከሳቀ ዓመት አልፎት ነበር። ከመጀመሪያው ደረቱን የሚጫነው ነገር ግን አልተወውም።

ስድስተኛው ቀጠሮ ላይ አብራው ገብታ ነበር። ልጅቷ ከወረቀት ታነባለች። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ደረትዎን አስጨንቆዎት ያውቃል?»

«ይጫነኛል» አለ። «ዳገት ስወጣ ይብሳል፤ ግራ እጄንም ያደነዝዘዋል። ቆም ስል ይተወኛል።»

«ከዜሮ እስከ ሦስት ስንት ይሰጡታል?»

ትንሽ አሰበ። ሰው እንዳያስቸግር የሚጠነቀቅ ፍጥረት ነበር፤ ያም ሆኖ ትልቁን መረጠ። «ሦስት» አለ።

ልጅቷ ሦስትን አከበበችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። ሦስቷ ከሌሎቹ ቁጥሮች ጋር ተደምራ ጭንቀት ተባለች። ዳገቱና ግራ እጁ ወረቀቱ ላይ ቦታ አልነበራቸውም።

ወደ ቤት ሲመለሱ «ሌላ ሐኪም ባየኝ ይሻል ይሆን?» ብሏት ነበር። ዛሬ ጥርሷን የምታፋጨው እህቱ ምን አለችው? «ከነሱ በላይ ልታውቅ ነው? የምትለውን ሁሉ እየጻፉልህ አይደል?» አመናት። ሰባተኛው ላይም ሄዶ ሦስት አለ። ከዚያ በዘጠነኛው ቀን ሱቁ ውስጥ፣ መበየጃው ሳይቀዘቅዝ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ተገኘ። አስከሬኑን ያየው የሆስፒታል ሐኪም ልቡ ነው አለ። «የቆየ ሕመም ነው። ደረቴን አመመኝ አይልም ነበር?»

ይል ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ይል ነበር።

«ዶክተር» አለች አሁን፣ «ወንድሜ አላቋረጠም። ሞቷል። ሞቷል ብለው ይጻፉ።»

ዶክተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሞት ካልን ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ይቀርባል፤ ወራት ይፈጃል። የሞቱት ደግሞ በልብ ነው፤ ከሕክምናችን ጋር አይገናኝም። ከአሥሩ ሰባቱ ድነዋል እኮ፣ እህቴ። ውጤቱ ቶሎ ካልወጣ ሕክምናው ለሌላው አይደርስም። ስንት ሰው እንቅልፍ አጥቶ እየጠበቀ እንደሆነ ያስቡት።»

ግማሹ እውነት ነበር፤ ደሟን ያፈላውም ይኸው እውነቱ ነው።

«አቋረጠ ከተባለ ከአሥሩ ውስጥ ይቆጠራል?»

ዶክተሩ እስክሪብቶ ዘረጋላት። «አይቆጠሩም» አለች ልጅቷ ከኋላው፣ ሳትጠየቅ።

«እና ያልተመቻችሁን እያወጣችሁ ነዋ ሰባት የደረሳችሁት። ስንቱን ሐዘንተኛ ቤት ዞረህ አስፈረምክ?»

ከአንቱ ወደ አንተ መውረዷን ክፍሉ ሁሉ ሰማ።

«ጠቅሞታል፤ ጻፉት። ተኝቶ አድሯል፣ ስቋል፤ እሱንም ጻፉት። ደረቴን ሲላችሁ ቁጥር ጠይቃችሁታል፤ ጻፉት። ሞቷል፤ ጻፉት። የሳቀውን ወንድሜን ለናንተ ወስዳችሁ፣ የሞተውን ለኔ ብቻ አትተዉልኝ።»

ዶክተሩ ወረቀቱን አጠፈና «እግዜር ያጥናዎት» ብሎ ወጣ።

«ሐኪም አስቀየምሽ» አለች አክስቷ። «ነገ ብንታመምስ?»

«ብንታመም ሦስት እንላለን።»

ሐሙስ ጠዋት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ተነሳች። ከሰማያዊው ሸሚዝ ኪስ ካርዱን አወጣች።

«ሐዘን ላይ ተቀምጠሽ ወዴት ነው?» አለች አክስቷ።

«ቀጠሮ አለ።»

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሦስት ሰዓት ሲሆን ልጅቷ ዝርዝር ይዛ ብቅ አለች። «አርባ አምስት» አለች፤ አንዱ ገብቶ ወጣ። «አርባ ስድስት» አለች፤ ሌላው ገብቶ ወጣ። ሦስተኛ ጊዜ ስትወጣ «አርባ ስምንት» አለች።

አንድ ሽማግሌ ሊነሱ ሲሉ ልብስ ሰፊዋ ቀደመቻቸው። «አርባ ሰባት ቀርቷል» አለች።

ልጅቷ አየቻት። አስገባቻትና በሩን ዘጋች። «እትዬ፣ ዶክተሩ ከዝርዝሩ አውጥተዋቸዋል። ቢያዩኝ ከሥራ ያባርሩኛል።»

«ሦስቷን ያከበብሽው አንቺ ነሽ። ሌላ ሰው ሄጄ ልጠይቅ?»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አነሳች። «ዳገቱን ሰምቼ ነበር» አለች። «የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም።»

«ጀርባው ባዶ አይደለም?»

አዲስ ወረቀት ሳበች። ቁጥሩን፣ ከሥሩ «ሞቷል»፣ ከዚያ ቀኑን ጻፈች። ገለበጠችና ጀርባው ላይ ጻፈች፤ ዳገት ሲወጣ ይብስበታል፣ ግራ እጁን ያደነዝዘዋል፣ ቆም ሲል ይተወዋል። አንዲት ቃል አልሳተችም። ይህን ሁሉ ጊዜ ጭንቅላቷ ውስጥ ነበር ማለት ነው፤ ልብስ ሰፊዋን የባሰ ያናደዳት ይሄ ነበር።

ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሰባት ፊርማ፣ አንድ ባዶ ሳጥን።

«ፈርሚ» አለች።

ልጅቷ ፈረመች። ልብስ ሰፊዋ ካርዱን አነሳች፤ ፊርማው ላይ እፍ አለችበትና ደረቷ ውስጥ ከተተችው።