ዘበኛና ረጅም እርምጃ

ኤሞኬ የዋሸችው አንዲት ቃል ብቻ ነበር። የወይን ቤቱ ባለቤት ጊዜላ ከእግር እስከ ራሷ ካየቻት በኋላ «የድብልቆቹን ስም ታውቂያለሽ አይደል?» ብትላት፣ ዓይኗን ሳታሽ «አውቃለሁ» አለች።

ምን ታድርግ? ሃያ ስድስት ዓመት የሸሚዝ ኮሌታ ስትሰፋ የኖረችበት ፋብሪካ ከተዘጋ ስምንት ወሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ያልረገጠችው ደጅ የለም። በየሄደችበት ዕድሜዋን ይጠይቋታል፤ ሃምሳ ሁለት ስትል «እንደውልልሻለን» ይሏታል። ስልኩ ግን ድምፁ ጠፍቶ ቀረ። ባሏ ወገቡን ታሞ ከቤት ከዋለ ሰነባብቷል፤ ቡዳፔስት ደግሞ ብርዱ ሲገባ ቤት ሳያሞቁ የሚኖሩባት ከተማ አይደለችም።

ወይን በሶዳ እየተቀላቀለ እንደሚጠጣማ ታውቃለች፤ በአገሩ ይህን የማያውቅ የለም። ግን አባቷ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለነበሩ ወይን ቤታቸው ውስጥ የሚነሳው ከቅዱስ ቁርባን ጋር ብቻ ነበር። ባሏም ከጠጣ ቢራ ነው። ድብልቆቹ የየራሳቸው ስም እንዳላቸው በጨረፍታ ሰምታለች እንጂ የትኛው ምን እንደሚባል አታውቅም።

«እንግዲያው ዛሬ ብቻሽን ትሠሪያለሽ» አለች ጊዜላ፣ ካፖርቷን እየለበሰች። «እኔ ወይን ላመጣ ገጠር እወርዳለሁ። እስከ አስራ ሁለት ሰዓት እመለሳለሁ። ደንበኞቼ ሃያ ዓመት ያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያንኑ ይጠጣሉ። ቤታቸው ሚስት ትጠይቃቸዋለች፤ እዚህ የሚመጡት ላለመጠየቅ ነው። ስመጣ አንድ ሰው እንኳ ካጉረመረመ አልቀጥርሽም።»

ወይን ቤቱ ከመንገዱ ሦስት ደረጃ ዝቅ ብሎ፣ ባለ አራት ፎቅ አሮጌ ሕንጻ ሥር ነው። ወይኑ በባንኮኒው ውስጥ በተቀበሩ ማሰሮዎች ይቀመጥና እጀታው በረዘመ ጭልፋ ይቀዳል። ኤሞኬ ጭልፋውን አንስታ አየችው፤ መልሳ ሰቀለችው።

መጀመሪያ የገባው ቬንዴል የሚባል ጡረተኛ የትራም ነጂ ነበር። ኮፍያውን ሰቀለ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ፣ ጋዜጣውን ገለጠና ቀና ሳይል፦

«አንድ ረጅም እርምጃ!» አለ።

ኤሞኬ ደነገጠች። ገና ከመግባቱ ቀሰስተኛ ነሽ ያላት መሰላት። ከባንኮኒው ጀርባ ወጣችና ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ በሦስት ትልልቅ እርምጃ ፊቱ ሄዳ ተገተረች።

«ምን ልታዘዝ ጋሼ?»

ቬንዴል ጫማዋን አየ። ቀጥሎ ፊቷን አየ።

«ምን ሆነሻል ልጄ?»

«ረጅም እርምጃ ሲሉኝ… ፈጠን በይ ያሉኝ መስሎኝ…»

ሽማግሌውን ሳቅ አፈነው። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። መነጽሩን አውልቆ እንባውን እስኪጠርግ ድረስ ድምፁ አልወጣም።

«ልትገድይኝ ነው እንዴ በጠዋቱ! መጠጥ ነው እኮ፤ ረጅም እርምጃ መጠጥ ነው!»

የኤሞኬ ፊት ቲማቲም መሰለ። «ለእትዬ ጊዜላ እንዳይነግሩብኝ። አውቃለሁ ብያታለሁ። ይህ ሥራ ካመለጠኝ ሌላ የምሄድበት የለኝም።»

«እኔ አሁን ነገር አመላላሽ እመስላለሁ?» ቬንዴል ጋዜጣውን አጥፎ ወደ ባንኮኒው መጣ። «ጭልፋውን ያዢ። አንድ ወይን፣ ሁለት እጥፍ ሶዳ፤ ይኸውልሽ ረጅም እርምጃ። ይህን የጠጣ ሰው አይንገዳገድም፣ ቀጥ ብሎ ይራመዳል። አንድ ለአንድ ከሆነ ትንሹ ድብልቅ ነው። ሁለት ወይን በአንድ ሶዳ፣ ትልቁ። ሦስት ወይን በሁለት ሶዳ፣ ዘበኛ።»

«ዘበኛ?»

«የሕንጻ ዘበኛ። ጠዋት ግቢ ሲጠርግ አቧራ ይውጣል፣ ማታ ከተከራይ ጋር ሲጨቃጨቅ ጉሮሮው ይደርቃል። ትንሽ ብርጭቆ ምኑን ያርሰዋል? ታዲያ ሁለት ወይን በሦስት ሶዳ ሲሆንስ?»

«ግማሽ ዘበኛ?»

«ምክትል ዘበኛ! ብርጭቆው ያው ነው፣ ወይኑ ነው ቀነስ የሚል። ምክትል ስትሆኚ ሁልጊዜ የሚቀነስብሽ ነገር አለ።»

ኤሞኬ ሁሉንም መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችው። ብርጭቆ ስታጥብ ስታጥብ ግን እኩለ ቀን ሳይደርስ ቀለሙ ታጥቦ ሄደ። መዳፏን ብታይ ባዶ ነው። በዚያው ቅጽበት አቅራቢያው ካለ ግንባታ ግንበኞች እየተጋፉ ገቡ።

«እትዬ፣ ሁለት ዘበኛ! አንድ ምክትል! ሦስት ስብ የተቀባ ዳቦ፣ ሽንኩርቱን እንዳትሰስቺ!»

ጭልፋውን ነከረች። ሦስት በሁለት፣ ሦስት በሁለት፣ ሁለት በሦስት። ትልቁ ግንበኛ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስቶ በብርሃን ተመለከተው። ኤሞኬ ጭልፋውን እንደያዘች አየችው። ሰውየው ግማሹን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠና ስለ አማቱ የጀመረውን ወሬ ቀጠለ። ምንም አላለም። ምንም ያለማለት እንዲህ ደስ እንደሚል ኤሞኬ አታውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ቀላት። ፖስታ አመላላሿ መጣች፣ ትልቁን ጠጥታ ሄደች። አንድ ዓይነ ስውር የፒያኖ ቃኚ ትንሹን ጠጥቶ «እጅሽ ይባረክ» አላት። ቬንዴል ከመስኮቱ ሥር በየመሃሉ በዓይኑ ይጠቅሳታል። ከምሳ በኋላ ደግሞ የሕንጻው እውነተኛ ዘበኛ ሬዦ መጣና ተከራዮቹ እንዳያገኙት ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ካርታ መጫወት ያዘ። ኤሞኬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳይታወቃት ታንጎራጉር ጀመር።

አስር ተኩል ሲሆን ጊዜላ ከቀጠሮዋ ቀድማ መጣች። የወይን በርሜል የተሸከሙትን ሰዎች እያዘዘች በሩ ላይ ቆመች። ኤሞኬ መታጠቢያው ላይ አጎንብሳ ነበር፤ የጊዜላን መምጣት አላየችም። ድንገት ከባንኮኒው ማዶ አንዲት ሴት ጮኸች።

«ዘበኛ! ኧረ ዘበኛ! ቶሎ በሉ!»

ኤሞኬ ቀና አላለችም። ሴትየዋ በጣም ጠምቷታል ማለት ነው። ጭልፋውን ሦስት ጊዜ ነከረች፣ ሶዳውን ሁለት ጊዜ ጨመረች፣ ብርጭቆውን ከድምፁ ፊት አኖረች።

«ይኸው እመቤቴ። ቀዝቃዛ ነው።»

ያን ጊዜ ቀና ብላ አየች። ከላይ ያለው ፎቅ ነዋሪ ወይዘሮ ክሎቲልድ የቤት ጋውኗን ለብሳ፣ እስከ ጉልበቷ ርሳ፣ በአንድ እግሯ ብቻ ነጠላ ጫማ አድርጋ ቆማለች። ከጣሪያው አንድ ጠብታ ወርዶ የሬዦ ካርታ ላይ ጠብ አለ።

«ቧንቧዬ ፈንድቶ ውሃ ቤቴን ሊወስደው ነው፣ አንቺ መጠጥ ትቀጂልኛለሽ?!»

ወይን ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሥራ መልስ ዳግም ከገቡት ግንበኞች አንዱ ጠረጴዛ እየደበደበ «ወይኔ! ወይኔ!» ይላል። ሬዦ ወደ ወንበሩ ሥር ዝቅ ዝቅ ሲል ቬንዴል አየው።

«ሬዦ፣ ተጠርተሃል! ብርጭቆው ቧንቧ አይጠግንም፣ ተነሳ!»

ሬዦ እየተነጫነጨ ወጣ። ወይዘሮ ክሎቲልድ ወንበር ላይ ዘጭ አለች፤ የምትይዘው ነገር ቢጠፋት ብርጭቆውን ያዘች። ትንሽ ቆይቶ ላይኛው ፎቅ የውሃው መክፈቻ ተዘጋ መሰል፣ ጠብታው ቆመ።

ኤሞኬ ግን አልሳቀችም። በሩ ላይ የቆመችውን ጊዜላን አይታለች። ሽርጧን ፈትታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«ዋሽቻለሁ እትዬ ጊዜላ። መጠጥ ቤት ሠርቼ አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ረጅም እርምጃ እንኳ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ጋሽ ቬንዴል ናቸው ያስተማሩኝ።»

ጊዜላ ወደ ደንበኞቹ ዞረች።

«ቅሬታ ያለው ይናገር።»

ግንበኞቹ ብርጭቆ ብርጭቋቸውን አዩ። ቬንዴል ጋዜጣውን አነሳ። ኤሞኬ ተስፋ ልታደርግ ስትል፣ ወይዘሮ ክሎቲልድ እጇን አወጣች።

«እኔ አለኝ።»

ኤሞኬ ሽርጡን ማጣጠፍ ጀመረች።

«ቅሬታዬ በሬዦ ነው» አለች ወይዘሮዋ። «እዚህ ሕንጻ አስራ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ስጠራው ወዲያው የመጣልኝ ዘበኛ ይኸ ብቻ ነው።» ባዶውን ብርጭቆ ከፍ አደረገች። «ድገሚኝ እስቲ የኔ እህት።»

እንደገና ሲስቁ ጊዜላም ከንፈሯን ነክሳ ነክሳ አቃታት። ሽርጡን አንስታ ለኤሞኬ ወረወረችላት።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ደንበኛ ጠርቷል። ነገ ደግሞ በሦስት ተኩል ነይ፤ በሩ ሳይከፈት ብርጭቆ መወልወል አለበት።»

ኤሞኬ ሽርጡን መልሳ አሰረች። ስምንት ወር ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር እየቀለለ፣ እየቀለለ ሄደ። ለወይዘሮዋ ደገመችላት፤ ከዚያ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ እንዳልቀመሰች ትዝ አላት። ብርጭቆ አንስታ ከሶዳው ጠርሙስ እስከ አፉ ሞላችው።

«ጋሽ ቬንዴል፣ ወይን የሌለበት ምን ይባላል?»

ቬንዴል ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ ጥቂት አሰበ።

«እሱማ ሶዳ ነው ልጄ» አላት።