የጭንጫው አፈር

አፈር መርማሪዋ ብርነሽ ወረቀቱን አንብባ ቀና ስትል አያ ይሻው በልቡ «ተመስገን!» አለ። «አፈራችሁ ጭንጫ ነው» ነበር ያለችው። «የካሮት ሥር ወደ ታች ሲወርድ ድንጋይ ከገጠመው ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ባትዘሩ ይሻላል።»

ጉድ እኮ ነው! መሬትህ አይረባም ተብሎ ደስ የሚለው ሰው የት ይገኛል? ነገሩ ወዲህ ነው። ልጁ ትዝታ ካሮት ልትዘራ አስባ፣ «አባባ፣ ከወንዝ ዳሩ ማሳ አምስት ቦታ ክንድ ያህል ቆፍረው አፈር ያምጡልኝ፤ ደብረ ታቦር ላስመርምረው» ብላ ፌስታል ሰጥታው ነበር። እሱ ደግሞ ፈሪ ነው። «ምርጥ አፈር ነው ካሉማ ለባለሀብት ይሰጡብኛል!» አለና፣ በሬ ሳይደክም የሚያርሰውን ቀይ አፈር ትቶ፣ ከላይ ጥግ ካለው፣ ግራዋ እንኳ ከማይበቅልበት ጭንጫ ዝቆ ሞላላት። ለማንም ትንፍሽ አላለም።

አጠገቡ የቆመችው ትዝታ ወረቀቱን ከብርነሽ ተቀብላ አጠፈችና ስልኳን አወጣች። ከቤሩት ከተመለሰች ገና ስድስት ወሯ ነው።

«ሄሎ፣ ደምሴ? ካሮቱ አልሆነም። ጉዞዬን ጨርስልኝ።»

ደምሴ ሰው ወደ ዐረብ አገር የሚልክ ደላላ ነው። አያ ይሻው ክው አለ።

«የት ነው የምትሄጂው?»

«ቤሩት ነዋ! ማሳው ከሆነ ልቀር፣ ካልሆነ ልመለስ ቆርጬ ነበር።»

አመዱ ቡን አለ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሏል ይኼ ነው! የመጣች ዕለት ክንዷ ላይ ያየው የካውያ ጠባሳ ፊቱ ድቅን አለበት። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«ዝጊው! ስልኩን ዝጊው ልጄ! አፈሩ የወንዝ ዳሩ አይደለም፤ ከጭንጫው ነው የዛቅሁት!»

የብርነሽ እስክሪብቶ ከእጇ ወደቀ። ትዝታ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«ለምን አባባ?»

«መሬቱን እንዳይወስዱብኝ ፈርቼ።»

«እኔን ሲወስዱኝስ አልፈሩም?»

በስልኩ ውስጥ ደላላው «ሄሎ! ትዝታ! ትሰሚኛለሽ?» እያለ ይጮኻል። አያ ይሻው እንደምንም ተነሣ፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ፌስታል አነሣ፤ ያን ጠጠር እበሩ ላይ ዘረገፈውና ባዶውን ለልጁ ዘረጋላት።

«ነይ፣ አሁን አንቺው ቆፍሪ። እኔ አልታመንም።»

ትዝታ ስልኩን ዘጋችና ፌስታሉን ተቀበለችው።