የሚኒስትሯ እናት ካርቶኖች

ልጄ የውኃ ሚኒስትር መሆኗ በቴሌቪዥን የተነገረ ዕለት፣ እኔ ካርቶን ልለምን ወደ ባለሱቁ ወጣሁ።

እሷ ራሷ የሰማችው አጠገቤ ቆማ፣ ፀጉሯን ታጥባ ፎጣ እንደጠመጠመች ነው። አስቀድሞ የነገራት ሰው የለም። ጎረቤቱ እንኳን ደስ አላችሁ እያለ ሲገባ እኔ የማስበው ሌላ ነበር፤ ሲሾሟት ያልነገሯት ሰዎች ሲሽሯትም አይነግሯትም።

"ስንት ካርቶን ይበቃዎታል፣ እናቴ?" አለኝ ባለሱቁ።

"ያለህን ሁሉ።"

"ሹመት መጣ ብለው ዕቃ ሊገዙ ነው?"

"ሹመቱ ሲሄድ ዕቃ ልጭንበት ነው።"

ሚኒስትሮች የሚኖሩበት ግቢ ገባን። የመንግሥት ቁም ሣጥን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተገትሯል። እኔ ሁለት ብርጭቆ፣ ሁለት ሳህንና አንድ ድስት ብቻ አወጣሁ። እንግዳ ሲመጣ ካርቶን እፈታለሁ፤ ሲሄድ አጥቤ፣ አድርቄ መልሼ አስራለሁ።

"እማዬ፣ ከገባን ስንት ጊዜያችን ነው?" ትለኛለች ልጄ። "ሹራብ ለመልበስ ገመድ ልፍታ?"

"'ብርድ' የሚል የተጻፈበት ውስጥ ነው። ስትጨርሺ መልሰሽ እሰሪው።"

ስጋቴን ያባሰችው ጎረቤታችን፣ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ባለቤት ናት። ከመስኮቷ ሆና ብዙ ሚኒስትር ሲወጣ አይታለች።

"መጀመሪያ ዘበኛውን ያነሳሉ" አለችኝ አንድ ቀን። "ቀጥሎ የቤት ስልኩን ይቆርጣሉ። ዜናው ማታ ነው።"

እሷ ለጨዋታ ነበር ያነሳችው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ዘበኛውን በመጋረጃ ሳላይና የስልኩን ድምፅ ሳልሰማ ፊቴን ታጥቤ አላውቅም።

ልጄን የሚያስፈራት መሻሩ አልነበረም። የሚያስፈራት የታችኛው ሰፈር ውኃ ሳያገኝ መሻሩ ነው። ያደገችው እዚያ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን አስቀምጣ ጀሪካን ታነሳ ነበር። መሐንዲስ የሆነችውም በዚሁ ቂም ነው። ከተሾመች ጀምሮ ዕቅዱን ይዛ ስትንከራተት፣ አንዱ ሲያነሳላት ሌላው ሲያሳድርባት ከርማ፣ በመጨረሻ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊያየው ቀጠሮ ያዘ።

የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ሸኝቻት ስመለስ በመጋረጃው አየሁ። ዘበኛው የለም።

ስልኩን አነሳሁ። ድምፅ የለውም፤ ድንጋይ ነው።

በሞባይሏ ሞከርኩ፤ ስብሰባ ሲገቡ ሞባይል በር ላይ ስለሚተዉ ዝግ ነው። ለዚህች ቀን ስዘጋጅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ብርጭቆዎቹን አጥቤ አሰርኩና የጭነት መኪና ጠራሁ።

ዕቃው ሲጫን የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ባለቤት በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

"እትዬ፣ ምን ተፈጠረ?"

"ዘበኛው የለም። ስልኩም ተቆርጧል።"

ሮጣ ገብታ ወጣች። ፊቷ ዓመድ መስሏል። "የእኛም አይሠራም። ሁላችንንም ነው እንዴ?"

"እኔ የማውቀው ስለ ልጄ ብቻ ነው።"

"ለእኔም መኪና ጥሪልኝ።"

ቀትር ላይ ግቢው ገበያ መሰለ። የንግድ ሚኒስትሩ አማት ልብስ በመስኮት ይወረውራሉ። የፍትሕ ሚኒስትሩ ሚስት አልጋ ልታስፈታ ስትል ወዛደሩ "እመቤቴ፣ የመንግሥት ቁጥር ተለጥፎበታል" ይላታል።

"ቁጥሩን ተወው፣ ፍራሹን አውርድ" ትለዋለች።

ሚኒስትሮቹ ለምሳ ሲመለሱ መኪኖቻቸው በሩ ላይ ተደርድረው ቆሙ። የሚወርድ ጠፋ። የትራንስፖርት ሚኒስትሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ የራሱን ፍራሽ የተሸከመውን ወዛደር "በእኔ ቦታ ማን ተሾመ?" ብሎ ጠየቀው።

"ጌታዬ፣ እኔ የማውቀው ፍራሹን ነው።"

ልጄ ወርዳ ወደ እኔ መጣች። የሆነውን ነገርኳት።

"ዘበኛው ከግቢው ጀርባ ጉድጓድ እየጠበቀ ነው፣ እማዬ። አሁን ስንገባ ነገሩኝ። ቧንቧ ሊቀይሩ ሲቆፍሩ የስልኩን ገመድ በጠሱት።"

"ማን ነው እንዲህ ያለ ባለጌ?"

"የእኔ መሥሪያ ቤት።"

"ዕቅድሽስ?"

"ከሰዓት ይቀጥላል ተብሎ ነበር።"

"ነበር" ስትል ሞባይሏ ጮኸ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ብቻዋን ይፈልጓታል። የሰፈሩን ውኃ በገዛ እጄ ካርቶን ውስጥ አሽጌ እንደሸኘሁት ገባኝ።

አመሻሽ ላይ ስትገባ የመንግሥቱን ቴሌቪዥን ከፍቼ፣ ሳይጫን በቀረ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ነበር።

"ምን አሉሽ?"

"'ቤትሽ ተጭኗል አሉ፤ ልትለቂ ነው ወይ?' አሉኝ።"

"ይቅርታ አልጠየቅሽም?"

"ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ሳስበው፣ ወንበሬን የሚፈልጉለት ሰው እንዳላቸው አውቃለሁ። እሳቸው ደግሞ እኔ የምፈልገውን ያውቃሉ። 'ዕቅዱ ዛሬ ይጽደቅልኝ፣ ወንበሩን ልልቀቅ፣ ሥራውን ግን እኔ ልምራው' አልኳቸው።"

"እሺ አሉሽ?"

በአገጯ ወደ ቴሌቪዥኑ አሳየችኝ። ዜና አንባቢው የታችኛው ሰፈር የውኃ ዕቅድ መጽደቁን ተናገረ። ቀጥሎ ልጄ ከሚኒስትርነቷ ተነሥታ የዚያው ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ መሆኗን አነበበ። የአሁኑን ግን ቀድማ ሰምታዋለች።

"ይኸው፣ የፈራሽው ደረሰ" አለችኝ ጫማዋን እያወለቀች።

"እንደ ፈራሁት አይደለም" አልኳት።

ዕቃው ተጭኖ ስላደረ በጠዋት ወጣን። ሌሎቹ የጫኑትን እያወረዱ ነበር፤ ማንም ደህና ሁኑ አላለንም። በታችኛው ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራየን። ልጄ ቦቲ ጫማ አድርጋ ወጥታ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ትመለሳለች። ድምፅዋ ከፍ ብሏል።

"እዚህ እንኳ ካርቶኖቹን ፍቺያቸው" ትለኛለች።

"ፕሮጀክት እኮ ያልቃል" እላታለሁ።

ውኃው የገባ ቀን ቧንቧውን ራሷ ከፈተችው። መጀመሪያ አንቦራጨቀ፣ ቀጥሎ ቀላ ያለ ወረደ፣ ከዚያ ጠራ። ጎረቤቱ ባልዲውን ይዞ ተሰልፏል።

"እማዬ፣ ማሰሮም ሆነ ብርጭቆ አምጪ፤ ቅጂና ቅመሺው።"

ገብቼ "ብርጭቆ" የሚለውን ካርቶን ፈታሁ። ሁሉንም አውጥቼ መደርደሪያው ላይ ደረደርኩ፤ ባዶውን ካርቶን ለጎረቤት ሰጠሁ።

ገመዱን ግን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት።