የጋሼ ሣህሌ መዘውር

ሰው ከምሳ በኋላ ትንሽ ጋደም ቢል ጉድ ይጠብቀዋል እንዴ? ካሕሳይን ጠበቀው። ሲነቃ የጋሼ ሣህሌ መዘውር ጠረጴዛው ላይ እንደ ሙሽራ ቀለበት ያብለጨልጫል። የዓሣ ማጥመጃ ክር የሚጠቀለልበት፣ በእጀታ የሚዞር የድሮ የነሐስ ዕቃ ነው። ጠዋት ሲያየው ጠቁሮ፣ አረንጓዴ አውጥቶ ነበር።

"ውብነሽ! ምን አደረግሽው?"

"ምን አደረግኩት!" አለች ሚስቱ። "በአመድና በሎሚ ፈተግኩት፤ ውስጡን በነጭ ጋዝ አጥቤ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረግኩበት። የእሳቸው ስም ቆሻሻ ዕቃ ሥር ይጻፍ?"

ጉድ ፈላ! በማግስቱ ሰመራ ላይ የድሮ ዕቃዎች ዐውደ ርእይ ሊከፈት፣ መዘውሩም እዚያ ሊቀርብ ነው። ካሕሳይ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመዘውሩ ሥር የሣህሌ ስም እንዲጻፍ። ሰውየው ልጅ የላቸውም፣ ዱብቲ ውስጥ የሚያስታውሳቸውም አልቀረ። ካሕሳይ ወላጆቹን ቀብሮ ለጥጥ ለቀማ ሲመጣ ጎጇቸውን ያካፈሉት፣ አዋሽ ዳር ማጥመድ ያስተማሩት፣ ውብነሽን ሲወዳት ሽማግሌ ሆነው የሄዱለት እሳቸው ናቸው። ድሮ ክሩ ሐር ስለነበር ጥላ ሥር ካልተሰጣ እንደሚበሰብስ፣ ከዚያም በፊት ሰው የፈረስ ጭራ ገምዶ ያጠምድ እንደነበር ያጫወቱት ነበር። ከሞቱ ወዲህ መዘውሩ ደርቆ አልዞር አለ፤ ካሕሳይም እንዳይሰብረው ፈርቶ ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት፤ ያወጣው ገና ዛሬ ጠዋት ለዐውደ ርእዩ ብሎ ነው።

በማግስቱ ሰመራ ላይ አዘጋጇ እድላዊት መዘውሩን አገላብጣ አየችው።

"ጋሽ ካሕሳይ፣ አይቀየሙኝ፤ ይሄ እኮ አዲስ ነው የሚመስለው። የጎብኚ መሳቂያ እንሆናለን።"

"በስመ አብ! አዲስ? በዕድሜ እኔን ይበልጣል እኮ!"

"አምንዎታለሁ። ግን ሲያዩት አሮጌነቱ የሚታይ ዕቃ ነው የተፈለገው" ብላ በሁለት እጇ መለሰችለት።

በመልሱ ሚኒባስ ውስጥ ውብነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ታለቅሳለች። ካሕሳይ ወደ ውጭ እያየ የሎጊያን ከተማ አለፉ። አፉን ቢከፍት ክፉ ነገር እንደሚያመልጠው ያውቃል። እጁ ሥራ ሲፈታ፣ ጭኑ ላይ ያለውን የመዘውሩን እጀታ ነካ አደረገው።

ቅርርርርር!

ዞረ! የውብነሽ ጋዝና ዘይት ፈትቶታል። ጋሼ ሣህሌ አምባዛ ይዘው "ና ልጄ፣ ያዘልን!" ሲሉ አብሮ የሚሰማው ድምፅ ይኸው ነበር። ስንት ዓመት ናፍቆት ኖሯል ለካ! ዕንባው ዱብ ዱብ አለ።

"ምን ነካህ ወንድሜ? ምንድነው እሱ?" አሉት አጠገቡ የተቀመጡ አፋር ሽማግሌ።

"የጋሼ ሣህሌ ነው።"

"ማን ናቸው?"

ማን ናቸው! ነገራቸዋ። ከጎጇዋ ጀምሮ፣ ወንዙን፣ ሽምግልናውን፣ ሁሉንም አወጋ። ዱብቲ ደርሰው ሞተሩ ሲጠፋ ከተሳፋሪው የወረደ የለም። ሾፌሩ ራሱ ዞሮ "እሺ፣ ከዚያስ?" አለው። ካሕሳይ እስከ ቀብራቸው ድረስ ተረከ።

"ሣህሌን አላህ ይዘንላቸው" አሉ ሽማግሌው።

"ነፍሳቸውን ይማር!" አለ የቀረው ሰው፣ ሚኒባሱ ሙሉ።

ካሕሳይ ነጠላውን ከሚስቱ ፊት ገለጥ አደረገ።

"ሰማሽ?" አላት። "ስማቸውን ጠሩልኝ። እጅሽ ይባረክ ውብነሽ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"