የእብድ ዘር

ተሾመች የላከቻቸው ሽማግሌዎች ከመካኒሳ አቦ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። የሄዱት ለታናሽ ወንድሟ ለኢያቄም የወጋየሁን ልጅ ሲናን ሊጠይቁ ነበር። አባትየው በመጀመሪያው ቀን «ዘር አጣርተን እንንገራችሁ» ብሎ ሸኛቸው፤ ዛሬ መልሱን ሰጣቸው። «ከእብድ ዘር አንጋባም» አለ።

እብድ የተባለው ታላቅ ወንድማቸው ደምሰው ነው። እርግጥ ደምሰው ብቻውን ያወራል። አረቄ ካገኘ ምሳ አይፈልግም። ባለፈው ክረምትም ላፍቶ ካለ ሱቅ ጄሪካን ሰርቆ ሲሸጥ ተይዞ ታስሯል። ሰፈርተኛው ይህን ሁሉ ጠቅልሎ «በደማቸው ያለ ነገር ነው» ብሎ ተገላገለ። ምን ቸገረው! በደም ነው ከተባለ ማንም አይጠየቅም።

ተሾመች በጣም ነደዳት። ነጠላዋን ጣል አድርጋ በቀጥታ ወጋየሁ ቤት ገባች። ሰውየው ከሚስቱ ከቡዜ ጋር ምሳ ላይ ነበር። «ቁጭ በይ እንጂ» ቢላት አልተቀመጠችም።

«ዘር አጣራሁ ብለዋል። ምን አገኙ?»

«ምን ላድርግ ተሾመች? ሐኪሞቹም እብደት ይወረሳል ይላሉ። ስካሩም ሌብነቱም ያው ነው። ለልጅ ልጆቼ ማሰብ አለብኝ።»

ይህን ስትሰማ አንቱታውን ጣለችው።

«ደምሰው ሲወለድ እብድ ነበር? ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ልጅ አልነበረም? በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሊቀመንበር ሆነህ፣ የዘማች ኮታ ለመሙላት ከኳስ ሜዳ አፍሰህ ወደ ጦር ግንባር የጫንከው አንተ አይደለህም? ጓደኞቹ ዓይኑ እያየ ከጎኑ አለቁ። ሲመለስ ሥራ የሰጠው የለም፤ እንቅልፍ የሚወስደው አረቄ ሲጠጣ ብቻ ሆነ። ይህን ከየትኛው አያቴ ነው ያጣራኸው?»

ወጋየሁ የያዘውን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሰ። «ትእዛዝ ነበር» አለ።

«ኢያቄምስ? ያው እናት፣ ያው አባት! እሱ ለምን አላበደም? ያን ቀን አልጋ ሥር ደብቄው ስላላገኘኸው ነው!»

ገና አልጨረሰችም።

«ሲና የማን ልጅ እንደሆነች እያወቅሁ ነው ሽማግሌ የላክሁት። ግፍ በዘር ይተላለፋል ብል ኖሮ ደጅህን እረግጥ ነበር?»

ቡዜ ከገበታው ተነሥታ እጇን ታጠበች፤ ባሏን ቀና ብላ አላየችውም።

«ሽማግሌዎቹ እሑድ ይመለሱ» አለች።