የጠባይ ዋስ

«የትኛውን ክንዴን ነው?» አለች ይመኙሻል። መልስም አልጠበቀች፤ የግራ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰብስባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። መርፌ ሲገባ ማየት አትወድም።

መርፌው አልመጣም። ቆይታ ዞር ስትል ነጭ ጋዋን የለበሰችው ሴት ቦርሳዋን እንኳ አልከፈተችም። የምታየው ክንዷን ነው፤ ከክርኗ በላይ ያለውን፣ ጠርዙ ወደ ቢጫ የዞረውን ጥቁረት።

«ለክትባት አይደለም የመጣሁት፣ እትዬ» አለች ሴትዮዋ ቀስ ብላ። «ሰሊሃ እባላለሁ። ነርስ ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን። ስለ ባለቤትዎ ልጠይቅዎ ብዬ ነው።»

ይመኙሻል እጅጌዋን እንደ መጋረጃ ለቀቀችው።

«ላም ረገጠችኝ» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

መቼም በይመኙሻል አይፈረድም። በጎረቤላ መንደር ነጭ ጋዋን ያየ ሁሉ ክንዱን ይገልጣል። ጋዋን ለብሶ የሰው ባል ጠባይ የሚጠይቅ እንግዳ ከዚያ በፊት አልታየም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ አንድ የአእምሮ ሐኪም መጥቶ ሚስቶቻቸውን የሚደበድቡ ባሎችን ሰበሰበ። ጠባይ በትምህርት ይታከማል አለ። በየሳምንቱ በቀበሌው አዳራሽ እያስቀመጠ፣ ንዴት ከየት እንደሚነሳ፣ ሲነሳም ትንፋሽ እንዴት እንደሚሳብ፣ ከቤት ወጣ ብሎ መመለስ እንዴት እንደሚበጅ አስተማራቸው። ባሎቹም ወደዱት። ከዚያ ዘመን ስብሰባ ሁሉ ሰው ያላንቀላፋበት እሱ ብቻ ነበር ይባላል፤ የሚወራው ስለ ራሳቸው ነዋ። የይመኙሻል ባል ወልደአረጋይ፣ ወፍጮ ቤቱን የሚያንቀሳቅሰው፣ ከሁሉም ጎበዝ ተማሪ ሆነ።

ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም። ነገሩን ያበላሸው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ኃይለ ገብርኤል ሕክምናውን ላጠንክር ብሎ የጨመረው ነው። «በእኛ አገር ዋስ ያልጠራ ሰው ቃሉን አይጠብቅም» አለ። እውነቱን ነው፤ ከብት ሲገዛም፣ ባልና ሚስት ታርቀው ሲገቡም ዋስ ይጠራል። ስለዚህ ታካሚው ሁሉ የጠባይ ዋስ ይጥራ ተባለ። ዋሱም ከሚስቲቱ ወገን ይሁን፣ ባልየው ዘመዶቿን ይፈር ተባለ። ታካሚው እጁን መልሶ ቢያነሳ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ሰው ሲፈለግ ዋሱ ቀድሞ ይሄዳል። አዳራሹ አጨበጨበ። ሐኪሙም የአገሩን ባህል ማክበሩ ነበርና አብሮ አጨበጨበ።

ወልደአረጋይ የጠራው ዋስ ኪዳነ ማርያም ነው፤ የይመኙሻል ታናሽ ወንድም፣ እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው።

«ሕክምናው ጠቅሞ እንደሆነ እንዳይ ነው የተላክሁት» አለች ሰሊሃ መደቡ ላይ እየተቀመጠች። «ከጠቀመ ወደ ጫጫና ወደ ለሚም ይወሰዳል። አቶ ወልደአረጋይ እንዴት ናቸው?»

«ተሽሎታል።»

«ሰሞኑን እጃቸውን አላነሱብዎትም?»

«ተሽሎታል አልኩ እኮ።»

«ከእርስዎ በፊት የጠየቅኋቸው ሴቶችም ሁሉ ያሉኝ ይህንኑ ቃል ነው።»

«አንድ ሐኪም ያከማቸው ባሎች፣ በአንድ ቃል ይሻላቸዋል።»

ሰሊሃ ልትስቅ ብላ ተወችው። በዚህ መሀል ወልደአረጋይ እስከ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ ብቅ አለ። የቀበሌው እንግዳ ቤቱ መግባቷን ሰምቶ ወፍጮውን አቁሞ ነው የመጣው። ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ፣ «ምን አቀረብሽላቸው?» ብሎ ሚስቱን ወቀሰ፣ ከዚያም ሳይጠየቅ ትምህርቱን በቃሉ ይደግመው ጀመር።

«ንዴት ማለት፣ ሲስተር፣ ደራሽ ውሃ ነው። ድምፁን ሲሰሙ ከወንዙ መውጣት ነው።» ዓይኑን ጨፍኖ አየሩን በአፍንጫው ሳበ፣ በአፉ ለቀቀ። «እሷም ታውቃለች። ሲመጣብኝ እነግራታለሁ። ‹ይመኙሻል፣ እየመጣ ነው› እላታለሁ። አይደለም እንዴ?»

«ይነግረኛል» አለች ይመኙሻል። «ድሮ ሳይነግረኝ ነበር።»

ወልደአረጋይ እንደ ተመሰገነ ሰው ሳቀ። ሊወጣ ሲል ሚስቱ አጠገብ ቆም አለና እጅጌዋን እስከ አንጓዋ ወደ ታች ጎተተላት። «ጉሙ ገብቷል፣ ሸፈን በይ እንጂ። ብርድ አይምታሽ» አለ። ወጥቶ ሄደ፤ ጥቂት ቆይቶ የወፍጮው ድምፅ ተነሳ።

«ጋጣው ውስጥ ያለው ማገዶ ነው» አለች ሰሊሃ በመጨረሻ። «ላሟስ?»

«ኅዳር ላይ ሸጥናት።»

ይህን ስትል አፏን ልትይዝ ፈልጋ ነበር፤ ግን ቃል አንዴ ከወጣ አይመለስም። ይመኙሻል ወደ ወፍጮው ጆሮዋን ጣል አድርጋ ተጠጋቻት። እርስዎ ማለቱንም እዚያው ተወችው።

«ስሚኝ እቴ። ድሮ ሲመታኝ ወንድሜ ቤት እሄድ ነበር። ሽማግሌ ይገባል፣ ባሌ ይወቀሳል፣ ካሳ ይባላል፣ እኔም ከርሜ፣ ቁስሌ ሽሮ እመለሳለሁ። አሁን ኪዳነ ማርያም ደጅ ብታይ ‹ለምን መጣች?› ይባላል። እሱ ራሱ ሲመጣ ቆሎ አቀርብለታለሁ፣ እስቅለታለሁ። ‹እህቴ፣ ባልሽ ሰው ሆነልሽ› ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል።»

«ያ ረቢ» አለች ሰሊሃ። «ዋሱ ይቅር ብዬ እናገራለሁ።»

«ለማን?»

«መጀመሪያ ለጓድ ሊቀመንበሩ ነው የማስረዳው…»

«‹ለምን ይቅር? ማን ተመታ?› ቢልሽስ?»

ሰሊሃ ቦርሳዋን ከጭኗ ወደ መደቡ፣ ከመደቡ ወደ ጭኗ አዛወረች። «አልጠቀመም ካልኩ ዋሶቹ ይሄዳሉ» አለች ለራሷ እንደምትናገር። «ጠቅሟል ካልኩ ደግሞ ከነዋሱ ለሚ ይገባል።»

«የለሚ ሴቶችም ወንድም አላቸው።»

«እናቴ የምትኖረው ቆላ፣ አልዩ አምባ ነው። ወርደው እሷ ዘንድ ጥቂት ይክረሙ። ማንም አያውቅዎትም።»

«እዚያ አያውቁኝ ይሆናል። እዚህ ግን መጥፋቴን ያውቃሉ።» ይመኙሻል የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች፣ ፈታች። «ብቻ እንዲህ በይልኝ። ተሽሎታል አለች በይልኝ። የማለ ሰው የለም፤ አንቺም እውነት ነው ብለሽ አትማይ።»

ወፍጮው ቀጥ አለ። ሁለቱም ወደ በሩ አዩ። ሰሊሃ ተነሳች፤ ጋዋኗን አራገፈች። ጉሙ እስከ ደጃፉ ደርሶ ጋጣውን እኩሌታ ውጦታል። ደፉ ላይ ስትደርስ ተመልሳ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

«እንግዲህ ሌላ ጊዜ ስመጣ እውነቱን ማንን ልጠይቅ፣ እትዬ?»

ይመኙሻል እጅጌዋን እስከ አንጓዋ ሳበች።

«ላሟን።»